የአባቴን ሰዓት ዕቃ ማን ደበቀው? ጥያቄና መልስ

እንደምን ሰነበታችሁ? ስለ እጅ ሰዓት ጥገና ከየአቅጣጫው ጥያቄ ደርሶኛል። አብዛኞቻችሁ የምታነሱት ችግር አንድ ነው። ሰዓቱ አለ፣ ሠሪው አለ፣ ዕቃው ግን የለም። የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ከደብረ ማርቆስ፦ «አባቴ ትተውልኝ ያለፉ የድሮ ኦሜጋ ሰዓት አለኝ። ወድቆ ቆመ። ሰዓት ሠሪው ከፍቶ አየውና “ዘንጉ ተሰብሯል፣ ዕቃው አይገኝም” አለኝ። እውነቱን ነው? ወይስ ሥራው ከብዶት ነው?»

ነፍሳቸውን ይማር። ሠሪው እውነቱን ነው፤ አይቀየሙት። ሰዓቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ጎማ አለች። የተሰበረው የእሷ ዘንግ ነው። የዘንጉ ጫፍ ውፍረት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ሰዓት ሲወድቅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው።

ዕቃው የጠፋበት ምክንያት ከማርቆስ በጣም ሩቅ ነው። ኦሜጋ፣ ሎንጂንስ፣ ቲሶትና ራዶ ሁሉም በስዊዘርላንዱ ስዋች ግሩፕ ሥር ናቸው። ድርጅቱ ከ2015 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ለጅምላ ሻጮች መለዋወጫ መስጠት አቆመ። አሁን ዕቃው የሚሄደው ለራሱ የጥገና ማዕከሎችና እሱ ፈቃድ ለሰጣቸው ሠሪዎች ነው። ከዚንስ የሚባል የእንግሊዝ ጅምላ ሻጭ በዚሁ ጉዳይ ከስዋች ጋር በስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ለዓመታት ተሟግቷል። ጅምላ ሻጩ ጋ ሲነጥፍ፣ በሰው በሰው ከዱባይ ወይም ከመርካቶ ይመጣ የነበረውም ይነጥፋል። የእርስዎ ሰዓት ሠሪ ባዶ እጁን የቀረው እንዲህ ነው።

ተስፋ ግን አይቁረጡ። ዘንግ በትንሽ ቶርኖ ተቀርጾ ይሠራል። ይህን የሚችል ሰው ጥቂት ነው፤ አዲስ አበባ ዘመድ ካለዎት ያጠያይቁልዎ። ሁለተኛው መንገድ ያው ዓይነት ማሽን ያለው የሞተ ሰዓት መፈለግ ነው። ሠሪው ማሽኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፍልዎ። ያለዚያ ቁጥር ፍለጋው ከንቱ ድካም ነው። የተሰበረውንም ዘንግ አይጣሉት። ለሚቀርጸው ሰው ልኩ እሱ ነው። መስታወትና ሞላ ደግሞ በልኩ ከሌላ አምራችም ስለሚገኙ፣ በእነሱ አይጨነቁ።

ከቡሬ፦ «ኩባንያው የራሱን ዕቃ ለፈለገው ቢሸጥ መብቱ አይደለም ወይ? ይህን የሚከለክል ሕግስ አለ?»

ጥያቄዎ ተገቢ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለ13 ዓመት ተከራክረውበታል። በ2004 እ.ኤ.አ. የሰዓት ጠጋኞች ማኅበራት ኅብረት ትልልቆቹን አምራቾች ለአውሮፓ ኮሚሽን ከሰሰ። ኮሚሽኑ በ2008 አቤቱታውን ውድቅ አደረገ። በ2010 ፍርድ ቤት የኮሚሽኑን ውሳኔ ሻረው። ኮሚሽኑ እንደገና መርምሮ በ2014 መዝገቡን ዘጋ። በ2017 ፍርድ ቤቱ በበኩሉ ለኮሚሽኑ ፈረደ። አምራቾቹ የሚሰጡት ምክንያት የጥገናውን ጥራት መጠበቅና ፎርጅድ ዕቃን መከላከል ነው።

በዚህ ምክንያት ውስጥ እውነት አለ። ወረንጦ በቅጡ መያዝ የማያውቅ ሰው የከፈተው ሰዓት ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ዘይቱ ያለ ቦታው ይፈስሳል፣ ውሃ የሚከለክለው የክዳኑ ጎማ ሳይቀየር ይዘጋል፣ በመጀመሪያው ዝናብ ውሃ ይገባል። ግን መፍትሔው ፈተና ነው። ሠሪውን ፈትኑት፣ ካለፈ ዕቃውን ሽጡለት። አንዳንዶቹ እንዲህ እናደርጋለን ይላሉ፤ ችግሩ የሚጠይቁት የመሣሪያ ዓይነት ነው። አንድ ትንሽ ሰዓት ቤት ያንን ሁሉ ገዝቶ ወጪውን አይመልስም። ፓሪስ ያለ ሰው ሰዓቱን በፖስታ ወደ ማዕከሉ ይልካል። የቡሬ ሰው የት ይላክ? ለእኔ ትልቁ ቅሬታ ይኸ ነው። የገዛሁት ሰዓት የእኔ ከሆነ፣ የማምነው ሠሪ እንዲሠራልኝ መፍቀድም የእኔ መሆን አለበት።

አውሮፓ በ2024 ስለ ዕቃ መጠገን መብት መመሪያ አውጥቷል። የልብስ ማጠቢያ፣ ማቀዝቀዣና ስልክ ተካተውበታል። የእጅ ሰዓት ግን የለበትም።

ከሞጣ፦ «የሰዓቴ ቀን ማሳያ ተሰበረ። መሙያውን ስቤ ቀኑን ሳስተካክል ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው?»

ምናልባት፤ ግን ማንም አልነገረዎትም። የሰዓት ቀን የሚዞረው አጭሩ ጠቋሚ 12 ላይ ሲደርስ ነው። ከ9 እስከ 3 ባለው ጊዜ የቀኑ ጥርስ ከማሽኑ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ያን ጊዜ በመሙያው ቀን ከቀየሩ ጥርሱ ሊሰበር ይችላል። ሰዓቱን ያመረቱት አገሮች ይህን «ሌሊት አትንኩ» ብለው ይጽፉታል። እኛ ግን ሰዓታችንን የምንሞላው በራሳችን አቆጣጠር ነው። ስለዚህ የእኛ 12 ምሽት ላይ ወይም ንጋት ላይ ይውላል። ቀኑ ምሽት 12 ላይ የሚዞርልዎ ከሆነ፣ አደገኛው ሰዓት ከቀኑ 9 እስከ ማታ 3 ነው። መመሪያው ላይ ይህን አያገኙትም።

ቀላሉ ዘዴ፦ መጀመሪያ አጭሩን ጠቋሚ 6 ላይ ያውርዱት። ከዚያ ቀኑን ይቀይሩ። ከዚያ ወደ ትክክለኛው ሰዓት ይመልሱት። አንዲት ጥርስ ከተሰበረች ምትኳን ማግኘት ምን ያህል እንደሚያደክም ከላይ አይተነዋል።

ከፍኖተ ሰላም፦ «ከአጎቴ ጋር ሰዓት ጥገና እየተማርኩ ነው። ዕቃ እንዲህ ከጠፋ ሙያው ያዋጣኛል?»

ወንድሜ፣ አትተወው። ግን ምን ላይ እንደምትበረታ ምረጥ። ስዋች ሥር ያለው ኢቲኤ በ2002 እ.ኤ.አ. ለሌሎች ማሽን ማቅረቡን እንደሚቀንስ ሲያሳውቅ ብዙ ሰው ደነገጠ። ሴሊታ የሚባለው ሌላው የስዊዝ አምራች ግን የፈጠራ መብቱ ዘመን ያለፈበትን ማሽን ራሱ መሥራት ጀመረ። ዛሬ ብዙ የስዊዝ ሰዓት የሴሊታ ማሽን ይዞ ይወጣል። ከጃፓን ደግሞ የሴይኮው ኤንኤች 35 እና የሲቲዝን ኩባንያ ሚዮታ አሉ። እነዚህ ሙሉ ማሽናቸው ለማንም ይሸጣል። እነሱን ዓይንህን ጨፍነህ እስክትፈታ ተለማመድ።

የሞተ ሰዓትም አትጣል። የእኔ ሰዓት መሙያ ሲወልቅ ያዳነኝ አንድ ሽማግሌ ሠሪ ነው። ከ20 ዓመት በፊት በቆርቆሮ ካስቀመጠው የሞተ ሰዓት ነቅሎ ገጠመልኝ። አንተም እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ይኑርህ፤ እያንዳንዱን ሰዓት በማሽኑ ቁጥር ለይተህ አስቀምጥ። ቶርኖ የሚያስተምርህ ሰው ካገኘህ ደግሞ እግሩ ሥር ተቀመጥ።

ከባሕር ዳር፦ «የባትሪ ሰዓት ነው ያለኝ። ባትሪ ለመቀየርም ኩባንያው ጋ መሄድ አለብኝ?»

የለብዎትም። ባትሪው ላይ ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 377 ወይም ኤስአር 626። ኤስአር የሚለውን ይጠይቁ። ኤልአር የሚለው ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ያለቀ ባትሪ ሰዓቱ ውስጥ አያቆዩ፤ አፍስሶ ማሽኑን ይበላዋል።

ከዳንግላ፦ «ወንድሜ ሊያገባ ነው። የማይቸገርበት ሰዓት ልግዛለት ብዬ ነው።»

እንኳን ደስ ያላችሁ፣ እታለም። ሱቅ ከመግባትሽ በፊት ሰዓት ሠሪው ጋ ሂጂ። «ዕቃው እጅህ ላይ ያለህ የትኛው ነው?» በይው። የነገረሽን የማሽን ስም ጽፈሽ ያዢና ሱቅ ውስጥ ያንኑ ጠይቂ።