ከባጃጅ አምፖልና ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጀምሪ

«ዕድሜዬ 22 ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ የሞባይል ጥገና ቤት እሠራለሁ። ስለ አርዱዊኖ፣ በኮድ ስለሚታዘዘው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ ብዙ ቪዲዮ አይቻለሁ፤ ትንሽ ገንዘብም ቆጥቤያለሁ፣ ላፕቶፕ ግን የለኝም። ለሦስት ወር ኮርስ ልክፈል ወይስ ዕቃውን ልግዛ? ደግሞስ ከዚህ ነገር እንጀራ ይወጣል?» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

እህቴ፣ አብሽሪ። አንቺ ከባዶ አትጀምሪም። መበየጃ የለመደ እጅና ቴስተር ማንበብ የሚችል ዓይን አለሽ፤ ዲግሪ ይዘው ወደ እኔ የሚመጡ ብዙ ልጆች የሚቸግራቸው ይሄው ነው። ስለዚህ ገንዘቡን አሁን ለኮርስ አትክፈይ፣ ዕቃውን ግዢ። ኮርሱን የራስሽ ጥያቄ ሲኖርሽ ትገቢበታለሽ።

ብዙ ግን አትግዢ። አንድ አርዱዊኖ ኡኖ፣ ብሬድቦርድ (ሳይበየድ ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ ሬዚስተሮች (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገድቡ)፣ ጥቂት ኤልኢዲ (ትንንሽ መብራቶች)፣ ሁለት የሚጫን ቁልፍ፣ ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው የሙቀት መለኪያና አንድ የሪሌይ ሞጁል (ቦርዱ የሚያዝዘው ማብሪያ ማጥፊያ) ይበቃሻል። የቦርዱ ንድፍ ለማንም ክፍት ስለሆነ ርካሹ ኮፒም ይሠራል። ላፕቶፕ ባይኖርሽም አርዱዊኖድሮይድ በተባለው የአንድሮይድ መተግበሪያ ኮዱን ስልክሽ ላይ ጽፈሽ ስልክን ከሌላ ዕቃ ጋር በሚያገናኘው የኦቲጂ ገመድ ወደ ቦርዱ መጫን ትችያለሽ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ለአንዲት ኤልኢዲ ስጪ። አምና አንድ ወጣት የሠራቸውን ስምንት ፕሮጀክቶች በስልኩ አሳየኝ። «እዚህ ጋ ለምን ባለ 220 ኦም ሬዚስተር አደረግህ?» ብለው «ቪዲዮው ላይ እንደዚያ ስለሆነ» አለኝ። አዘንኩ፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን የሠራው ነገር ቢበላሽ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። አንቺ ግን አስዪው። የቦርዱ ፒን (ሽቦ የሚሰካበት ቀዳዳ) 5 ቮልት ይሰጣል፣ ቀይ ኤልኢዲ ወደ 2 ቮልት ይወስዳል፣ የቀረው 3 ቮልት ለ220 ሲካፈል ወደ 14 ሚሊአምፒር ይመጣል። ከአንድ ፒን ከ20 በላይ ባንስብ ይመከራል፤ ስለዚህ ደህና ነን። ከዚያ ቴስተርሽን በመስመሩ መሃል አስገቢና ለኪው። ያሰላሽውና የለካሽው ሲቀራረቡ ሙያው ያንቺ መሆን ጀመረ ማለት ነው።

ቀጥሎ ቁልፉን አገናኚ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፦ ማንም ሳይነካው መብራቱ ይበራል ይጠፋል፣ እጅሽን ስታስጠጊ ደግሞ ይብስበታል። ቦርዱ አልተበላሸም። ቁልፉ ሳይጫን ፒኑ ከምንም ጋር ስላልተያያዘ በአካባቢው ያለውን ማንኛውንም የኤሌክትሪክ ንዝረት ያነባል። ኮዱ ላይ ፒኑን «ኢንፑት ፑልአፕ» ካልሽው በውስጡ ባለው ሬዚስተር አማካኝነት ወደ 5 ቮልት ይያዛል፣ ቁልፉ ሲጫን ወደ ዜሮ ይወርዳል። ችግሩን መጀመሪያ በዓይንሽ እዪው፣ ከዚያ አርሚው።

ከዚያ አንድ እውነተኛ ሥራ ያዢ። እኔ የምመርጥልሽ የጫጩት መፈልፈያ ነው፤ በአካባቢያችን ዶሮ የማያረባ ቤት ጥቂት ነው። የዶሮ እንቁላል በ37.5 ዲግሪ ገደማ 21 ቀን ይቆያል። ማሞቂያው 12 ቮልት የባጃጅ አምፖል ይሁን፣ ከባትሪ ይሥራ፤ በዚህ ደረጃ 220 ቮልት እንዳትነኪ፣ ይህን አደራ እልሻለሁ። ቦርዱም መኪና ውስጥ ስልክ በምንሞላበት የዩኤስቢ ቻርጀር በኩል ከዚያው ባትሪ ይመገብ፤ መብራት ሲሄድም አይቆምም። ሳጥኑ የጣውላ ይሁን፣ አምፖሉ ግድግዳውን አይንካ። በእንቁላሉ ፋንታ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጪ፤ የማንም እንቁላል ለሙከራ አይጥፋ።

«ከ37.5 ሲወርድ አብራ፣ ሲወጣ አጥፋ» ብለሽ ከጻፍሽ ሪሌዩ ጠቅ ጠቅ እያለ ያድራል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በ37.3 ይብራ፣ በ37.7 ይጥፋ። መለኪያው ራሱ እስከ ግማሽ ዲግሪ ሊሳሳት ስለሚችል የሰው ትኩሳት ከሚለካበት ቴርሞሜትር ጋር አወዳድሪው። ደብተር ይኑርሽ፦ በስንት ሰዓት ስንት ዲግሪ ነበር፣ ምን ተበላሸ፣ ምን ለካሽ፣ ምን አገኘሽ።

አሁን ወደ እንጀራው። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች፣ ጨርቃ ጨርቁም ቢራውም፣ «አርዱዊኖ ትችያለሽ?» ብለው አይቀጥሩሽም። ማሽኖቻቸውን የሚያዝዘው ፒኤልሲ የሚባል የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ነው፣ ብዙ ጊዜ በ24 ቮልት ይሠራል፣ ፕሮግራሙም ላደር በሚባል ሥዕል መሰል ቋንቋ ይጻፋል። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፦ መለኪያዎቹን ያነባል፣ ይወስናል፣ ሞተሩን ወይም መብራቱን ያዝዛል፣ ተመልሶ ያነባል። መፈልፈያውን በራስሽ እጅ የሠራሽ ልጅ ፒኤልሲ ሲያስተምሩሽ አዲስ የሚሆንብሽ ቋንቋው ብቻ ነው። ለኮርስ የምትከፍይው ያን ጊዜ ነው። በአቅራቢያሽ ወዳለ ፖሊቴክኒክ ሄደሽ በኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ ወይም ኤሌክትሮኒክስ የማታ ትምህርት እንዳለ ጠይቂ፤ የብቃት ምዘናውንም ተፈተኚ፣ ወረቀቱ በር ይከፍታል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ከተማሽ ነው፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክታቸውን ሲሠሩ የሚበይድና የሚለካ እጅ ይፈልጋሉ፣ ተዋወቂያቸው።

የጥገና ቤቱን ሥራ እንዳትለቂ። ዕቃ የምትገዢበት ገንዘብም በየቀኑ እጅሽ የሚፈታውም ከዚያ ነው።

ብርጭቆው ሳጥኑ ውስጥ ባደረበት በመጀመሪያው ሌሊት የጻፍሻቸውን ቁጥሮች ላኪልኝ። የተበላሸ ነገር ካለ እሱንም አብረሽ ላኪው፣ አብረን እናየዋለን።