ጥያቄና መልስ፦ ጉዳተኛ በሰማይ ወይስ በምድር?

«አጋሮ ላይ ሰው ቢገጭ ሄሊኮፕተር በሩብ ሰዓት ጅማ ያደርሰዋል። በአምቡላንስ ለምን ይንገላታል?» (ከአጋሮ)

ሩብ ሰዓቱ ልክ የሚሆነው ሄሊኮፕተሩ አጋሮ ቆሞ ከጠበቀ ነው። ከአዲስ አበባ ከተነሳ በቀጥታ መስመር ወደ 270 ኪሎ ሜትር ይበራል። በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። መነሻ ዝግጅቱን፣ ሜዳ ፍለጋውንና ቃሬዛ መጫኛውን ሲጨምሩበት፣ 45 ኪሎ ሜትሩን በመኪና የመጣው ጉዳተኛ ድንገተኛ ክፍል ገብቷል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ስልክ ከተደወለበት ደቂቃ አንስቶ ነው። ሄሊኮፕተር በተጠንቀቅ በሚቆምባት ካሊፎርኒያ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ከሆስፒታል 16 ኪሎ ሜትር ውስጥ መኪና እንደሚቀድም አሳይቷል። ሄሊኮፕተሩ ዘግይቶ ከተጠራ ደግሞ የሚቀድመው ርቀቱ ከ72 ኪሎ ሜትር ሲበልጥ ነው። እኛ ዘንድ በአምቡላንስ ቁጥር 907 ሲደወል የሚመጣው መኪና ነው፤ እሱን ቶሎ መጥራቱ ይሻላል።

«ታዲያ በአየር መላክ የሚያዋጣው መቼ ነው?»

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሲጻፍ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግቤን ወርዶ መውጣትም አለበት። ለዚህ ግን ከሄሊኮፕተር ይልቅ ትንሽ አውሮፕላን ይመረጣል፤ ይፈጥናል፣ ንዝረቱም ያንሳል፣ አባ ጅፋር ማረፊያም አለ። ሆዱ ውስጥ የሚደማ ሰው ግን በየትኛውም አይላክ፤ ደሙ እዚሁ ጅማ በኦፕራሲዮን ይቁም።

«ወንድሜን በአምቡላንስ አዲስ አበባ ልንወስደው ነው። አንድ ሲሊንደር ኦክስጅን ይበቃል?»

በአብዛኛው አይበቃም። ሂሳቡ ቀላል ስለሆነ ከመነሳትዎ በፊት ከነርሷ ጋር ያስሉት። ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈውን የሊትር መጠን (የጋዙን ሳይሆን የዕቃውን ይዘት) በግፊት መለኪያው ንባብ (በባር) ያባዙ። 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 150 ባር ካሳየ 1,500 ሊትር ጋዝ አለው። በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ ታካሚ 150 ደቂቃ ነው፤ መጠባበቂያ ሲቀነስ ሁለት ሰዓት ይበሉት። ለ7 ሰዓት ጉዞ የሚያስፈልገው ግን 4,200 ሊትር ነው! ብዙ ጊዜ ሲሊንደሩ ተጭኖ መለኪያውን ያየ ሰው አይኖርም፤ ወይም የመለዋወጫው ሲሊንደር መክፈቻ ቁልፍ ይረሳል። መለኪያው ባር ሳይሆን ፒኤስአይ ካሳየ ንባቡን ለ14.5 ያካፍሉ።

«ደረቱ ውስጥ አየር የገባበት ሰው መብረር ይከለከላል?»

በቱቦ ያልወጣ አየር ካለ፣ አዎ። ከፍታ ሲጨምር የታሰረ አየር ይሰፋል፣ ሳንባንም ይጫናል። ስለዚህ የደረት ቱቦው የሚገባው ከመነሳት በፊት ነው፤ በጠባብና በሚጮህ ሄሊኮፕተር ውስጥ ቱቦ ማስገባት ጭንቅ ነው። መኪናም ነፃ አያወጣም፦ ከግቤ ሸለቆ (1,100 ሜትር ገደማ) ወደ አዲስ አበባ (ከ2,300 ሜትር በላይ) ሲወጣ የታሰረ አየር በ15 በመቶ ያህል ይሰፋል። ሁለት ስህተቶች ሲደጋገሙ ይታያሉ፤ «እንዳይፈስ» ብሎ ቱቦውን መቆንጠጥና ከቱቦው ጫፍ ጋር የተያያዘውን ጠርሙስ ቃሬዛው ላይ ማስቀመጥ። ቱቦው ክፍት ይሁን፣ ጠርሙሱም ሁልጊዜ ከደረት በታች።

«ሄሊኮፕተር ቢመጣ ሜዳውን እንዴት እናዘጋጅ?» (ከዴዶ)

ቢያንስ 30 በ30 ሜትር የሆነ ደልዳላ ቦታ ይምረጡ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦና ረጅም ባሕር ዛፍ የራቀው ይሁን። ላላ ቆርቆሮ፣ ፌስታልና ጃንጥላ ይነሳ፤ ነፋሱ ነጠላም ይገፍፋል። ከብትና ልጆችን ያርቁ። አብራሪው ምልክት ሳይሰጥ አይጠጉ፤ ሲጠጉም ከፊት በኩል፣ ጎንበስ ብለው። ወደ ጭራው ማንም አይሂድ፤ የኋላው ክንፍ ሲሽከረከር አይታይም። ቦታው ተዳፋት ካለው ከታች በኩል ይቅረቡ፤ ከላይ የሚወርድ ሰው ጭንቅላቱ ከዋናው ክንፍ ጋር ይገናኛል።