የረጋ ደም፦ ለላብራቶሪ ተማሪዎች

ልጆቼ፣ ባሕር ዳር ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ ብዙ ተማሪ በእጄ አልፏል። ሄሞግሎቢንን የማያውቅ የለም። «ክሩኦር» ስል ግን ዝም ነው። አይፈረድባቸውም፤ ዛሬ ቃሉን የሚጠራው የለም ማለት ይቻላል።

ሮማውያን ለደም ሁለት ስም ነበራቸው። በሰውነት ውስጥ ያለው «ሳንግዊስ»፣ ከቁስል ፈስሶ የረጋው ደግሞ «ክሩኦር»። የድሮ ሐኪሞችም ዕቃ ውስጥ ከተቀዳ ደም የሚረጋውን ክፍል በዚሁ ስም ጠሩት። የሚለየውን ፈሳሽ «ሴረም» አሉት፤ በላቲን አጓት ማለት ነው። እናቱ አይብ ስታወጣ ያየ ልጅ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በ1864 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ስቶክስ የደምን ማቅለሚያ «ክሩኦሪን» ብሎት ነበር። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ኬሚስት ሆፐ ዛይለር ያወጣው «ሄሞግሎቢን» ገነነና የስቶክስ ስም ተረሳ።

ወደ ሥራችን ልምጣ። ክዳኑ ቀይ በሆነው ቱቦ ደሙ እንዲረጋ እንፈልጋለን። ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። ወረፋ በዛ ብላችሁ ቶሎ ሴንትሪፊውጅ (ቱቦውን አሽከርክሮ ሴረሙን የሚለየው ማሽን) ውስጥ ብትከቱት ሴረሙ ውስጥ ደምን የሚያረጋው የፋይብሪን ክር ይቀራል፤ የመመርመሪያ ማሽኑንም መርፌ ይደፍናል።

ክዳኑ ሐምራዊ የሆነው ቱቦ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ጠብታም ብትሆን መርጋት የለባትም። ደሙን እንደቀዳችሁ ቱቦውን ስምንት፣ አሥር ጊዜ ቀስ እያላችሁ አገላብጡት። አትናጡት! ከናጣችሁት ቀይ ሕዋሱ ይፈርሳል። ካላገላበጣችሁት ደግሞ ይረጋል፤ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕላትሌት በረጋው ደም ውስጥ ይያዝና ማሽኑ ቁጥሩን አሳንሶ ያወጣዋል። ፕላትሌት ወርዶ ስታዩ መጀመሪያ ቱቦውን ከፍታችሁ በቀጭን እንጨት ፈትሹ።

የቀዩ ቱቦ ደም ሲያንስበት ከሐምራዊው የሚሞላም አይቻለሁ። ኧረ በፈጣሪ! ሐምራዊው ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኬሚካል) ከፖታሲየም ጋር የተሠራ ነው፤ ካልሲየምንም ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ውጤቱ ላይ ፖታሲየሙ ሰማይ ይነካል፣ ካልሲየሙ ይወርዳል። ፖታሲየም ሲበዛ ለልብ አደገኛ ነውና ሐኪሙም ልቡ ደህና የሆነውን ሰው ሊያክም ይሯሯጣል።

«ናሙናው ተበላሽቷል፣ ነገ ተመለሽ» ማለት ለእኛ ቀላል ነው። ከዘጌ በጀልባ ለመጣች እናት ግን ሌላ የጀልባ ሒሳብ፣ ሌላ የባከነ ቀን ነው። ስለዚህ ቱቦውን ቶሎ እዩት። ሐምራዊው ከረጋ፣ ሳትሄድባችሁ ጥሯትና ምክንያቱን ነግራችሁ ድጋሚ ቅዱ።