የሰኞው ንግግር

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

ወንድሜ ጡረታ የወጣ ሻለቃ ነው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ቡና በተፈላ ቁጥር ወሬው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ጄኔራል ሞንትጎመሪ ብቻ ሆኗል። ነሐሴ 7 ቀን 1934 ዓ.ም. ግብፅ በረሃ ላይ፣ በጀርመኑ አዛዥ በሮሜል ተገፍቶ ሲያፈገፍግ የከረመውን የብሪታንያ 8ኛ ጦር ተረከበ፤ በዚያው ምሽት የመምሪያ መኮንኖቹን ሰብስቦ «በሕይወት እዚህ መቆየት ካልቻልን፣ ሞተን እዚህ እንቀራለን» አላቸው፤ የማፈግፈጊያውን እቅድ አቃጥሉ አለ፤ ጦሩ ዳነ። ስኒ አጥቤ ስመለስ እንደገና ይጀምራል። «አንቺም እንዲህ ነው መናገር ያለብሽ» ብሎ ሁለት ገጽ አርቅቆ ሰጥቶኛል። ስለ ኤታማዦር ሹሙ የሚያወራውን ክፍል አሰልቺ ነው ብሎ አውጥቶታል።

ሰኞ የአንድ ትልቅ የእህል መጋዘን ኃላፊ ሆኜ እጀምራለሁ። የቀድሞው ኃላፊ ተነሥተዋል፣ ሠራተኛው ደንግጧል። ምክትሉ እዚያ 11 ዓመት የቆዩ ናቸው፤ ደውለው «ሳይገቡ አንዴ ብንገናኝ» ብለውኝ ነበር፣ ከንግግሩ በኋላ ይደርሳል ብያቸዋለሁ። ወንድሜ ግን ዛሬም «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» እያለ ያለማምደኛል። እኔ ጄኔራል አይደለሁም፤ በቃኝ! ደግሞ መሳቢያው ውስጥ ሁለት ቅርንጫፎችን የመዝጊያ እቅድ አለ አሉ። ወንድሜ በሠራተኛው ፊት ቅደጂው ይላል። ልቅደደው?

ሰልችቶኛል፣ ከአዲስ አበባ

እኅቴ፣

ያ ንግግር የተደረገው አመሻሽ ላይ ነው። ወንድምዎ ጠዋቱን አልነገሩዎትም። ሞንትጎመሪ ጠዋት እስክንድርያ ዳርቻ መስቀለኛ መንገድ ላይ ብርጋዴር ደ ጊንጋንድን አገኘ። ሰውየው የቀድሞው አዛዥ የኦኪንሌክ መኮንን ነው፤ የሚባረር መስሎታል። የጦሩን ይዞታ ጽፎ ይዞ ቀረበ። አዲሱ አዛዥ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጎ በቃልህ ንገረኝ አለው፣ መንገዱን ሙሉም ሰማው። ማታ የተናገረው ጠዋት ከሰማው በኋላ ነው። እርስዎ 11 ዓመት የሠሩትን ሰው «ይደርሳል» አሏቸው! ከደብዳቤዎ ውስጥ ያስቆጣኝ ይኼ ነው፤ የወንድምዎ ጭቅጭቅስ ያልፋል።

አሰልቺ ተብሎ የወጣውን ክፍል ይመልሱት። ኤታማዦር የሚለው ቃል እኛ ዘንድ የማዕረግ ጌጥ መስሎ ቀርቷል እንጂ ብዙ ሥራ ያለበት ነው። ሞንትጎመሪ በዚያ ምሽት ኤታማዦር ሹሜ ደ ጊንጋንድ የሚያዛችሁ እኔ እንዳዘዝኳችሁ ነው፣ ወዲያው ፈጽሙ አለ። ይህን ያህል ሥልጣን ያለው ኤታማዦር ሹም በብሪታንያ ጦር የተለመደ አልነበረም። አዛዡ በጊዜ ይተኛል፣ ዝርዝሩን ሹሙ ይጨርሳል፤ እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ እስኪያበቃ አብረው ዘለቁ። ምክትልዎ የትኛውን ወረቀት መፈረም እንደሚችሉ ሰኞ በሁሉም ፊት ይናገሩ፤ አለዚያ አንድ የጭነት መኪና እንኳ ያለ እርስዎ ፊርማ ከግቢ አይወጣም።

«ሞተን እንቀራለን» የታመነውም በጩኸት አይደለም። ተሽከርካሪዎቹ ወደ ኋላ ተላኩ፣ ጥይት፣ ውሃና ስንቅ ወደ ፊት ምሽጎች ተከማቸ። መኪናው ከጎኑ የቆመለት ወታደር አንድ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። በናይል ዴልታ የነበረው 44ኛ ክፍለ ጦርም ወደ ግንባር፣ ዐላም ሐልፋ ሸንተረር ወጣ። ነሐሴ 24 ሌሊት ሮሜል መጣ፤ ሳምንት ሳይሞላው እየተመለሰ ነበር። ሞንትጎመሪ ተስፋውን ደግሞ ለመኮንኖቹ በቁጥር ሰጣቸው፦ ስዊዝ ላይ ከ300 እስከ 400 አዳዲስ ታንክ እየወረደ ነው አላቸው። ሳልዘጋጅ አላጠቃም ብሎም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቸርችል እየጎተጎተው እስከ ጥቅምት 13 ቆየ። እርስዎም ስንት ኩንታል እንዳለና ደመወዝ መቼ እንደሚከፈል ይናገሩ። የማያውቁትን ቀን ግን አይጥሩ።

ሞንትጎመሪ የተረከበው መምሪያ ዝንብ የወረረው ቦታ ነበር፤ መኮንኖቹ የሚበሉት በሽቦ ወንፊት በተከለለ ድንኳን፣ ዝንቡም አብሮ ውስጥ። ወደ ባሕሩ አጠገብ፣ ቡርግ ኤል ዐረብ፣ ከአየር ኃይሉ መምሪያ ጎን እንዲዛወር አዘዘ። የሠራተኛዎን መመገቢያና መጸዳጃ ከንግግሩ በፊት ይዩት።

እቅዱን አይቅደዱ። ሞንትጎመሪ ያስቃጠለው የማፈግፈጊያውን ነው፤ ዐላም ሐልፋን የመያዙን ሐሳብ ግን ከእሱ በፊት የኦኪንሌክ መኮንኖች አስበውበት ነበር፣ ያን አልጣለውም። (ወንድምዎ «ሲያፈገፍግ የከረመ» ይበሉ እንጂ፣ ሮሜልን ከወር በፊት እዚያው ኤል አላሜይን ላይ ያቆመው ኦኪንሌክ ነው።) በእቅዱ ውስጥ የትኛው ሽሽት፣ የትኛው ማትረፊያ እንደሆነ የሚነግሩዎት ምክትሉ ናቸው። የማይረባው ከሆነ መጣያ ውስጥ ይግባ፣ ያለ ትርኢት። የቀድሞውንም ኃላፊ በንግግርዎ አይንኳቸው፤ ከፊትዎ ከሚቀመጡት ገሚሱ እሳቸው የቀጠሯቸው ናቸው።

ነገ እሑድ ምክትልዎን ቤት ይጥሯቸው። ወረቀት ይዘው ከመጡ ወደ ጎን አድርገው «በቃልዎ ይንገሩኝ» ይበሉ። ቡናውን ወንድምዎ ያፍሉ፤ ስኒውንም ይጠቡ።