«ሲፈልግ ይችላል፤ ታዲያ ለምን አይጀምርም?»

ውድ ጠያቂያችን፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የላኩልንን ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ልጅዎ ኤዲኤችዲ (ትኩረትን የመቆጣጠርና የመረጋጋት ችግር) እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ባለቤትዎም በ41 ዓመታቸው ተመርምረው ያው ችግር እንደተገኘባቸው፣ የታዘዘላቸው መድኃኒትም በሥራ ቦታ ቢረዳቸው የቤቱ ወረቀት፣ የግብሩ ጉዳይና የኢንሹራንሱ ቅጽ ግን እንደ ድሮው ሳይነካ እንደሚከርም ነግረውናል። ሽማግሌዎች ቤት ድረስ መጥተው «ቆራጥ ሁን» ብለው መክረዋቸዋል፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው «እሺ» ብለዋል፤ የተለወጠ ነገር ግን የለም። አሁን ሐኪማቸው ኮች (ሥራን በማቀድና በመጀመር የሚያግዝ አሠልጣኝ) እንዲይዙ ስለመከሯቸው፣ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው ወይስ እርስዎ ራስዎ ቢያግዟቸው ይበቃል ሲሉ ይጠይቃሉ።

በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚያስረዳው ስለ ኤፕሪል 14፣ ማለትም ስለ ግብር ማስገቢያው ቀን ዋዜማ ምሽት የጻፉት ነው። ባለቤትዎ ከእራት በኋላ ላፕቶፓቸውን ከፍተው፣ ደብልዩ ቱ (አሠሪ የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ግብር የሚገልጽበት ቅጽ) ያለበትን ፖስታ አጠገባቸው አስቀምጠው ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆዩ ተነሥተው ሳህኑን ሁሉ አጠቡ፤ ቀጥለው ፍሪጁን አጸዱ፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን ቁጭ አሉና ሳይነጋ ሁሉንም ጨርሰው ላኩ። «ሲፈልግ እንደሚችል ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?» ብለዋል። እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ ስንፍና ሳይሆን የሕመሙ ምልክት ነው።

ኤዲኤችዲ ያለባቸው አዋቂዎች ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ያውቃሉ። የሚያቅታቸው ያወቁትን በሚያስፈልግበት ሰዓት ወደ ተግባር ማምጣቱ ነው፤ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ራስል ባርክሌይም ችግሩን ከእውቀት ጉድለት ይልቅ የአፈጻጸም ጉድለት አድርገው ለብዙ ዓመታት ሲያስተምሩ ኖረዋል። ሰውን ለሥራ የሚያነሣሣው፣ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚሳተፍበት የአንጎል ሥርዓት፣ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ለሩቅ ጥቅምም ሆነ ለሩቅ ቅጣት በቂ ምላሽ አይሰጥም፤ ነገሩ ቅርብ፣ አዲስ ወይም አስደሳች ሲሆን ግን ይነቃል። ሳህን ማጠብ መጀመሪያውና መጨረሻው በዓይን የሚታይ፣ ውጤቱም እዚያው የሚገኝ ሥራ ነው። የግብር ቅጽ ግን ከየት እንደሚጀመር እንኳ አይታይም፤ በዚያ ላይ ካለፉት ዓመታት የተጠራቀመው እፍረት ፖስታውን ባዩት ቁጥር ስለሚቀሰቀስ፣ እጅ ወደዚያ ከመዘርጋት ይልቅ ወደ ሌላ ነገር መሸሽ ይቀላል። በዚያች ሌሊት ያስጀመራቸው አንድ ቀን ብቻ የቀረው ቀነ ገደብ እንጂ ቀድሞ ያልነበረ ፍላጎት አይደለም። ቅጹን ለመላክ እስከ ኦክቶበር 15 ማራዘሚያ መጠየቅ እንደሚቻል እርስዎም ጠቅሰዋል፤ ነገር ግን የሚከፈል ገንዘብ ካለ ቀኑ ከኤፕሪል 15 አያልፍም፤ ለባለቤትዎ ደግሞ ማራዘሚያው ያንኑ ሌሊት ወደ ኦክቶበር ከማዛወር የዘለለ ጥቅም ያለው አይመስለኝም።

ኮች የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ በስልክ ወይም በቪዲዮ ተገናኝተው፣ «ግብር መሥራት» የሚለውን ትልቅ ነገር «ቅዳሜ ጠዋት ቡና ከጠጣሁ በኋላ ፖስታውን ቀድጄ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እዘረጋለሁ» እስከሚባል ድረስ ያሳንሱታል። «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ ሰዓቱንና ቦታውን አስቀድሞ መወሰን ሥራ ለመጀመር እንደሚረዳ ጀርመናዊው ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር በሰፊው አጥንተውታል። ሥራው በሚጀመርበት ሰዓትም ኮቹ ወይም ሌላ ሰው በመስመር ላይ ሆኖ ዝም ብሎ የራሱን ሥራ እየሠራ አብሯቸው ሊቆይ ይችላል። ባለቤትዎ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲያጠኑ ጎበዝ እንደነበሩ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን መጽሐፍ መግለጥ ያቅታቸው እንደነበር ጽፈዋል፤ ስለዚህ የሰው መኖር እንደሚያስጀምራቸው ከአሁኑ የታወቀ ነው። ሳይሠሩ ቢቀሩ ደግሞ ኮቹ የት ላይ እንደቆሙ ይጠይቃል እንጂ አይወቅስም፤ የሚቀጥለውን እርምጃ ከዚያው ተነሥተው ያስተካክላሉ።

ይህን እርስዎ ቢያደርጉትስ? በግልጽ ልንገርዎት፤ አይሆንም። የሚጎድለው የእርስዎ ችሎታ ወይም ፍቅር አይደለም። በዓመታት ውስጥ «ጀመርክ?» የሚለው ቃል በእናንተ ቤት ከባድ ታሪክ ተሸክሟል፤ እርስዎ በለሰለሰ ድምፅ ቢጠይቁ እንኳ እሳቸው የሚሰሙት ወቀሳ ነው፤ ሲሸሹ እርስዎ ይናደዳሉ፤ ንዴቱም ሥራውን ይበልጥ አስፈሪ ያደርገዋል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን እርስዎ ሚስት መሆንዎ ቀርቶ አለቃ መሆንዎ ነው። «ሦስተኛ ልጅ የማሳድግ ይመስለኛል» ያሉት ቃል በጣም አሳዝኖኛል፤ ድካምዎ እውነተኛ ነው፤ የሕመሙ ስም መታወቁም ያንን ድካም አያቀልልዎትም፤ ባለቤትዎንም ከኃላፊነት ነጻ አያወጣቸውም። ኮች መያዝ ራሱ ኃላፊነት መውሰድ ስለሆነ፣ ፈልገው የሚያገኙትና ቀጠሮ የሚይዙት እሳቸው ይሁኑ፤ ፍለጋው ለመጀመር የሚከብዳቸው ከሆነ የሐኪሙ ቢሮ የመጀመሪያውን ስልክ አብሯቸው እንዲደውል ይጠይቁ።

ገንዘቡን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የኮችነት ሥራ የመንግሥት ፈቃድ ስለማይጠየቅበት ማንም ሰው ራሱን ኮች ብሎ ሊጠራ ይችላል፤ ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ስለ ኤዲኤችዲ ምን ሥልጠና እንደወሰደ፣ ደንበኛው የተባለውን ሳያደርግ ሲቀር ምን እንደሚያደርግ፣ ወደ ሐኪም የሚልከው መቼ እንደሆነ ይጠየቅ። መድኃኒት ለምን ታዘዘ ብሎ የሚከራከር ወይም ፈውስ ቃል የሚገባ ከሆነ ይተዉት። በጥናት በኩል ከኮች ይልቅ የተሻለ ማስረጃ ያለው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና (ከባለሙያ ጋር በመነጋገር አስተሳሰብንና ልማድን መለወጥ) ነው፤ በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል መድኃኒት እየወሰዱ ምልክቱ ባልተዋቸው 86 አዋቂዎች ላይ ተደርጎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ይህን ሕክምና ያገኙት ሰዎች የመዝናናት ልምምድና ትምህርታዊ ድጋፍ ከተሰጣቸው ይልቅ እንደተሻላቸው አሳይቷል። ሕክምናውን የሚሰጥ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በኢንሹራንሳችሁ ካገኛችሁ ከእሱ ብትጀምሩ እመርጣለሁ፤ ካጣችሁ ጥሩ ኮች ለሦስት ወር ሞክሩ። ባለቤትዎ እንቅልፍ የሚያጡ፣ ምንም ነገር ደስ የማይላቸው ወይም በሕይወት ተስፋ የቆረጡ ከሆነ ግን ይህ የኮች ጉዳይ ስላልሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

እስከዚያው ሁለት ነገር አድርጉ። በመጀመሪያ የቤቱን ሥራ እንደገና ተከፋፈሉ፤ ባለቤትዎ በቀላሉ የሚጀምሩትን፣ ማለትም ገበያውን፣ ወጥ ቤቱንና ልጆቹን ማመላለሱን በሙሉ ይውሰዱ፤ ለዚህ ዓመት ግብሩን ለባለሙያ ስጡ። ሁለተኛ፣ መሳቢያ ውስጥ ተከማችተዋል ያሏቸውን ያልተከፈቱ ፖስታዎች ብቻዎን አይክፈቷቸው፤ ነገር ግን ከአይአርኤስ (ከአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) እና ከኢሚግሬሽን የመጡት ቀን ስላላቸው፣ ባለቤትዎን አስፈቅደው በሚቀጥለው ቅዳሜ እነዚያን ብቻ ለይታችሁ አብራችሁ ክፈቱ፤ የቀሩት እስከ መጀመሪያው ቀጠሮ መቆየት ይችላሉ።