አልታዘልም ያለው ልጅ

መናፈሻ መንደፍ የጀመራችሁ ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተለማማጅ የመናፈሻ ንድፍ ይዛ ቢሮዬ መጣች። ጎበዝ ናት። «ጋሼ፣ የዊልቸሩን መንገድ ለብቻው በጓሮ በር በኩል ባደርገውስ?» አለችኝ። ዋናው መንገድ ላይ ያሳመረችው ደረጃ እንዳይነካባት ነው። መልስ አጣሁላት። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነሥቼ ይኼን ጻፍኩላችሁ።

በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትንሽ የሰፈር መናፈሻ ነድፌ ነበር። መንገዱን ነጭ ጠጠር አለበስኩት። መሐሉ ላይ ሦስት የጠርብ ድንጋይ ደረጃ አስገባሁ። ለምን? ስለሚያምር ብቻ።

መናፈሻው በተከፈተ ቀን አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን በዊልቸር እየገፉ መጡ። ልጁ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ነጭ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። በሩን እንዳለፉ የፊተኞቹ ትንንሽ ጎማዎች ጠጠሩ ውስጥ ሰመጡ። ቢገፉ ቢገፉ አልሄድ አለ። አዞሩትና ወደ ኋላ እየጎተቱ ቀጠሉ። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ሲንቀጫቀጭ እስካሁን ይሰማኛል። እንደዚያ ሆነው ደረጃው ጋ ደረሱ።

ሮጬ ወረድኩና «ና ልዘልህ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «አልታዘልም፤ ትልቅ ነኝ» አለኝ። አያቱ «ተወው ልጄ፣ ከዚሁ ሆነን እናያለን። እግዜር ይስጥልን» አሉ። እኔን ነው የመረቁት! ከደረጃው ማዶ ዥዋዥዌው ይታያል፤ ልጆች ይንጫጫሉ። እሱ ጎንበስ ብሎ ጠጠር ይለቅማል። ጥቂት ቆይተው ተመለሱ።

ማታ ንድፉን ዘርግቼ አሰላሁ። ሦስቱ ደረጃ ተደምሮ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ተዳፋቱ 1 ለ12 ቢሆን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት፣ 5 ሜትር ከ40 የሚረዝም ራምፕ (ደረጃ የሌለው ዘቅዛቃ መንገድ) ይበቃል። ልጁ ብዙ ሳይደክም ራሱ እየገፋ እንዲወጣ 1 ለ20 ባደርገው 9 ሜትር ነው። ዙሪያው ሣር ነበር፤ ቦታ ሞልቶኛል። ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ርክክቡ ገና አላለቀም ነበር። አንድ ደብዳቤ ብጽፍ ይስተካከል ነበር። አሠሪው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁና ዝም አልኩ። የሕዝብ ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚ መግቢያ ይኑረው የሚለው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ያኔ አልወጣም። ልጁ ግን ፊቴ ነበር።

እናንተ በኮምፒውተር የምትሠሩት ሥዕል ውበቱ ጉድ ነው። ግን ክረምት ላይ ሳይቱን በእግሩ የሚዞር ስንቱ ነው? ዋልካ አፈር ሐምሌ ላይ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ንጣፉን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለች ጠርዝ የፊቱን ጎማ ቀጥ ታደርገዋለች። አፈሩን ቆርጣችሁ አውጡና በገረጋንቲ፣ ውሃ ሲነካው በማያብጥ የሙሌት አፈር፣ ሙሉት። ውሃው እንዲወርድ መንገዱን ወደ ጎን ስታዘነብሉም ከ2 በመቶ አትለፉ። ካለፈ ዊልቸሩ ወደ ቦዩ ይጎትታል፤ ገፊው በአንድ እጁ ሲታገል ይውላል። የስፋቱን ነገር መመሪያ ላይ ታገኙታላችሁ።

አባቴ በስተርጅናቸው እንጦጦ ማርያም ሲወጡ የሚያርፉባት አንዲት ድንጋይ ነበረች። የሚከብዳቸው መቀመጡ አልነበረም፤ መነሣቱ ነው። አጠገቧ ያለውን ባሕር ዛፍ ጨብጠው ይነሡ ነበር። አግዳሚ ወንበር ስነድፍ የክንድ መደገፊያ የማልረሳው ለዚህ ነው። ዛሬ ለፎቶ ተብሎ የሚሠራው መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ያናድደኛል።

ደረጃን እንዲህ ካማረርኩ በኋላ ደግሞ ሌላ ልበል። ልጆች ከፍታ ይወዳሉ። ሁሉን ልሙጥ ካደረጋችሁባቸው አጥሩ ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ የሚወጡበት ድንጋይ፣ የሚዘሉት ግንድ ይኑራቸው፤ ደረጃም ቢሆን ይኑር። ብቻ ከመንገዱ ዳር ይሁን። ዊልቸር ላይ ያለውም ልጅ አጠገባቸው ደርሶ ግንዱን በእጁ ይንካው፣ ከእነሱ ጋር ይንጫጫ።

ያ መናፈሻ ዛሬም አለ። ጠጠሩ አልቋል፤ ደረጃው እንዳለ ነው። ልጁ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ለተለማማጇ ሰኞ ዊልቸር ተውሼ እመጣለሁ ብያታለሁ። ሳይቱ ላይ እሷ ትቀመጣለች፣ እኔ እገፋለሁ። የምንገባው በዋናው በር ነው።