«በዚህ ስም የለም» አሉኝ፤ ወንድሜን የት ልፈልገው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ ማታ መገናኛ አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር እያለ ጠብ ተነሣና ፖሊስ ይዟቸው ሄደ የሚል ወሬ ሰማን። ስልኩ ዝግ ነው። እሑድ ጠዋት እዚሁ ሰፈራችን ካለው ጣቢያ ሄድኩ፤ «የለም» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ መገናኛ አቅራቢያ ወዳለ ጣቢያ ሄድኩ፤ እዚያም «በዚህ ስም የለም»። ሰኞ ጠዋት የማላውቀው ሰው ደውሎ «ወንድምሽ እኛ ጋ ነው፤ ዛሬውኑ 20,000 ብር ከላክሽ በዋስ ይወጣል» አለኝ። እናታችን ደም ግፊት ስላለባት ገና አልነገርናትም። ብሩን ልላክ? ጠበቃስ የግድ ነው?
ታላቅ እህት፣ ከሳሪስ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ደውዬ የነገርኩሽን ነው እዚህ የምደግመው። መጽሔቱ እስኪታተም አንቺ ወንድምሽን ይዘሽ ቤትሽ ገብተሻል። የምጽፈው ነገ ማታ የወንድሙ ስልክ ለሚዘጋበት ሰው ነው።

መጀመሪያ ብሩ። አይላክም። ፖሊስም ሆነ ፍርድ ቤት የዋስትና ብር በስልክ ደውሎ አያስልክም። ጠብ ሲነሣ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያወራ ያንቺን ስልክ ማግኘት ለሌባ ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲደውል ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ጣቢያው የት ነው፣ መርማሪው ማን ይባላል፣ የምርመራ መዝገቡ ቁጥር ስንት ነው? እውነተኛ ፖሊስ ይነግራችኋል፤ ሌባው ይቆጣል። ያንቺው እንደነገርሽኝ ተቆጥቶ ዘጋው።

ፍለጋው ላይ ሁለት ነገር ስተሻል፤ ሁለቱንም እኔም ስቻቸዋለሁ። አንደኛ፣ ሰው የሚገኘው በተያዘበት አካባቢ ባለ ጣቢያ እንጂ በሚኖርበት ሰፈር አይደለም። መገናኛ ደግሞ ቦሌና የካ ክፍለ ከተሞች የሚገናኙበት ቦታ ስለሆነ፣ ጠቡ ከአስፋልቱ በየትኛው በኩል እንደነበረ ሳይጠይቁ መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ሁለተኛው ስሙ ነው። ተረኛው ፖሊስ የሚያየው የእስረኞች መመዝገቢያውን ነው፤ እዚያ ላይ ያለው ደግሞ መታወቂያው ላይ ያለው ስም ነው። እኔ 26 ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ እንዲያም ሆኖ የእህቴ ልጅ በታሰረ ጊዜ ሦስት ጣቢያ የዞርኩት «ማሙሽ የሚባል ልጅ» እያልኩ ነው። ልጁ የነበረው መጀመሪያ በጠየቅኩበት ጣቢያ ነበር! ስለዚህ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ዕድሜ፣ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ ቢቻል የመታወቂያው ፎቶ። አብረውት የተያዙትን ልጆች ስምም ያዙ፤ እሱን ባያገኙት እነሱን ያገኟቸዋል።

ጣቢያው የለም ካለ ወደ ክፍለ ከተማው ፖሊስ መምሪያ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ፖሊስ ኮሚሽን ይኬዳል። ጠብ ከነበረ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍልንም ጠይቁ፤ የቆሰለ ተጠርጣሪ ፖሊስ አጠገቡ ቆሞ ሲታከም ማየት ብርቅ አይደለም።

እናቶቻችን የሚያውቁት አንድ ዘዴም አለ፦ ስንቅ ይዞ መሄድ። «አለ ወይ?» ሲባል «የለም» የሚል ጥበቃ፣ ሳህኑን አስቀምሶ ከተቀበለና ወደ ውስጥ ካስገባ ሰውየው አለ ማለት ነው። ባዶው ዕቃ ሲመለስ ደግሞ ልብ ይረጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዱ፣ ከጓደኛው፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው ይላል። በር ላይ ግን አንቀጽ ጠቅሶ ከመከራከር ምግብ ይዞ መቆም ብዙ ጊዜ ቶሎ ያስገባል። ያሳዝናል፤ ያየሁት ግን ይህንኑ ነው።

ከተገኘ በኋላ ሰዓት ቁጠሩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። «ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም» የሚል መልስ ሰምተሻል፤ ስንቱ ሰምቶታል! ሕጉ የሚቀንሰው ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ለመጓዝ በቂ የሆነውን ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለ እሑድ አንድ ቃል አይልም። ወንድምሽ ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ከተያዘ ጊዜው ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ያልቃል። ካለፈና ሳይቀርብ ከቀረ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም «ያለ ሕግ ታስሯልና ይለቀቅ» የሚል አቤቱታ፣ ለፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የታሰረው ራሱ ማቅረብ ካልቻለ ሌላ ሰው ምክንያቱን ገልጦ ስለ እሱ ማቅረብ ይችላል። አቤቱታው በመሐላ የተደገፈ ሆኖ የት እንደተያዘና በማን እጅ እንዳለ መናገር አለበት። የጣቢያውንና የመርማሪውን ስም መጀመሪያውኑ ጻፉ የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ዋስትናው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 28፣ ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላል ይላል። «በመታወቂያ ዋስ ወጣ» ሲባል የምትሰሙት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በጠብ ጉዳይ ነገሩን የሚወስነው የሐኪም ማስረጃ ነው። የተመታው ሰው የደረሰበት ቀላል የአካል ጉዳት ከሆነ ቅጣቱ ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው፤ የሚያስከስሰውም ተበዳዩ አቤት ሲል ነው፤ ሽማግሌ ገብቶ እርቅ ከወረደም ብዙ ነገር ይለሳለሳል። ከባድ ጉዳት ከሆነ ግን ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል፤ ተጎጂው ይሞታል ተብሎ ከተሰጋ የዋስትናው በር ሊዘጋ ይችላል። መርማሪው «የሐኪም ማስረጃ እስኪመጣ» ያለሽ ለማጉላላት ብቻ አልነበረም። ማስረጃው መቼ እንደሚመጣ፣ ከየት እንደሚመጣ ጠይቆ መከታተል ግን የቤተሰብ ሥራ ነው፤ ሌላ የሚከታተል የለም።

ፍርድ ቤት ከቀረበ ፖሊስ የምርመራ ጊዜ ይጠይቃል፤ በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ከ14 ቀን አይበልጥም። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በከተማዋ ውስጥ በርካታ ምድብ ችሎቶች ስላሉት የትኛው ምድብ፣ ስንተኛ ችሎት እንደሚቀርብ ከዋዜማው መርማሪውን ጠይቁ። ወንድምሽ ያኔውኑ ዋስትና መጠየቅ ይችላል። ዳኛው የሚመዝነው ግዴታውን አክብሮ ይቀርባል ወይ፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይ፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ወይ የሚለውን ነው። ስለዚህ ቋሚ አድራሻውን፣ ሥራውን ወይም ትምህርቱን የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ከከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለ።

ዋናው የምለው እዚህ ላይ ነው፤ በመዝገብ ቤት ዘመኔ ሁሉ ያየሁትም ይኸው ነው። ዳኛው «በዋስ ይውጣ» ካለ በኋላ ሰውን የሚያሳድረው ወረቀት ነው። የእህቴ ልጅ ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በ5,000 ብር ዋስ እንዲወጣ ተፈቀደ። እልል ብለን ብር ፍለጋ ሄድን፤ ተዋጥቶ ስንመለስ ገንዘብ ያዡ ሄዷል። ሰኞ ጠዋት ከፈልን፤ ደረሰኙን ይዘን መፍቻ ትእዛዝ፣ ማለትም ጣቢያው እንዲለቀው የሚያዘውን ደብዳቤ፣ አስጻፍን፤ ማኅተም የሚያሳርፈው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። ልጁ የወጣው ሰኞ ማታ ነው። ሦስት ሌሊት፣ በዳኛ ተፈቅዶለት! አክስቱ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ።

ስለዚህ ከችሎቱ ቀን በፊት ብሩን በእጃችሁ አድርጉ፤ ወይም ዋሱን ከነወረቀቱ አዘጋጁ። በደመወዝ ዋስ የሚሆን ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ ደብዳቤ የሚጽፈው የሰው ኃይል ክፍል ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው። በቤት ካርታ ወይም በመኪና ሊብሬ ከሆነ ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ዳኛው እንደፈቀደ አንዳችሁ ገንዘብ ለመክፈል፣ ሌላው መፍቻውን ለማስጻፍ ተከፋፈሉ። መፍቻ ትእዛዙ ላይ ስሙ እንደ ጣቢያው መዝገብ በአንድ ፊደል እንኳ ሳይለያይ መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ከዚያ በእጃችሁ ጣቢያ አድርሱት፤ በመልእክተኛ ይደርሳል ብላችሁ ቤታችሁ አትሂዱ።

ደረሰኙ በማን ስም እንደተቆረጠ ልብ በሉ። ልጁ ቀጠሮውን እያከበረ ከቀረበና ጉዳዩ ካለቀ ብሩ የሚመለሰው ደረሰኙ ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው፤ በአጎት ስም ተቆርጦ የአጎት ልጆች የተጣሉበትን ጉዳይ አይቻለሁ። በውጭ አገር ፊልም የምታዩት፣ ክፍያ ተቀብሎ ዋስ የሚሆን ድርጅት እኛ ዘንድ የለም። ፍርድ ቤት በር ላይ «ዋስ እናቀርባለን» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ በሌላ በኩል እለፉ።

ጠበቃ ለዋስትና የግድ አይደለም፤ ጥያቄውን ወንድምሽ ራሱ በቃል ማቅረብ ይችላል። ክሱ ከባድ ከሆነና መክፈል ካልቻላችሁ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብለት ዳኛውን ይጠይቅ። ለእናታችሁ ደግሞ ንገሯት። አንቺ ስንቅ ስታመላልሺ የማታውቅ እናት አላየሁም።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ለጎረቤቴ ልጅ በደመወዜ ዋስ ሆኜ ፈርሜ ነበር። ልጁ ዕቃውን እየሸጠ ነው፤ ሊጠፋ መሰለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀጠሮው እስኪደርስ አይጠብቁ። ዛሬ ነገ ሳይሉ መዝገቡ ወዳለበት ችሎት በጽሑፍ ማመልከቻ ይግቡና ከዋስነት ልውረድ ይበሉ፤ ዕቃ መሸጡንም ይጻፉ። ፍርድ ቤቱ ልጁን አስቀርቦ ሌላ ዋስ እንዲያመጣ ይጠይቀዋል። ማመልከቻ ማስገባት ብቻውን አያወርድዎትም፤ ትእዛዙ ተጽፎ እጅዎ እስኪገባ ዋስ እንደሆኑ ነዎት። ቀጠሮው ቀን ከቀረ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት፤ በፈረሙበት መጠን። ለጎረቤትዎ አስቀድመው ይንገሩት፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማ ከእርስዎ ይስማ።